ሁለት ሀብሀብ ለእትዬ

የአባቴ ግራ እጅ ከቀኙ ይጠቁር ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ ከባድ መኪና ሲነዳ ያ ክንዱ በጋቢናው መስኮት ወጥቶ የአፋርን ፀሐይ ሲቀበል ኖሯል። ጡረታ ወጥቶ የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ገዛ ቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ እንኳ ክርኑን መስኮቱ ደፍ ላይ ካላሳረፈ አይመቸውም ነበር። እናቴ «ሰውዬው ቤቱንም ሊነዳው ነው» እያለች ትስቅበታለች። ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወንበሩን ከመስኮቱ ላንሳው እልና እጄ አይታዘዘኝም።

ስለ እሱ ደግ ደጉን ብቻ ልጽፍ እችል ነበር፤ ደጉማ ሞልቶኛል። ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ለመመለስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ይሆናል። ልጆች ሳለን ኮተቤ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እናቴ ስለምትሠራ የትምህርት ቤት ልብሳችንን የሚተኩሰው እሱ ነው። የሚተኩሰው ደግሞ የነገውን ብቻ አይደለም። ያለንን ሸሚዝ ሁሉ ሰብስቦ፣ ኮሌታውን ውሃ እየረጨ፣ እጅጌውን እያገላበጠ ተኩሶ በሩ ጀርባ በተርታ ይሰቅለውና ይሄዳል። እሱ መንገድ ላይ በሚሆንባቸው ቀናት እኔና ታናሽ ወንድሜ ከዚያ ተርታ አንድ አንድ እያነሳን እንለብስ ነበር። ተርታው ሲያልቅ ሊመጣ ደርሷል ማለት ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ደርሶን አባዶ ከገባን በኋላም አመሉ አልተለወጠም። መኪናውን ቱሉ ዲምቱ ያቆምና ታክሲ ቀያይሮ፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ተሸክሞ ይመጣል። ገና ደረጃው ሥር ሆኖ «ይኼ ዳገት በአንደኛ ማርሽ ካልሆነ አይወጣም!» ብሎ ሲጮኽ ጎረቤት ሁሉ መምጣቱን ያውቃል። እየነዳ ስልክ አያነሳም፤ ባቆመበት ሁሉ ግን ይደውላል። አዋሽ ደረስኩ፣ ሚሌ ደረስኩ፣ ጋላፊ ነኝ። የእኛ ቤት ሰው ያን መንገድ ሳይሄድበት በቃሉ ያውቀዋል። ሲደውል ሁላችንንም አንድ በአንድ ይጠይቅና መጨረሻ ላይ ወደ እትዬ ይመጣል።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እጁን ይዛ ከገጠር ያመጣችው፣ ሾላ ገበያ ቅመም እየሸጠች ያሳደገችው እሷ ናት። መንጃ ፈቃዱን ያወጣችለትም እሷ ናት፤ ይህን ደግሞ ለማንም ሳትናገር አትውልም። «ያ መኪና በናፍጣ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፤ በእኔ በርበሬ ነው የሚሄደው» ትላለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ ትኖር ነበር። እኛ ጋ ነይ ስንላት «ፎቅ ላይ የሚኖረው እርግብ ነው» ብላ ታፌዝብናለች።

አባቴ ሾላ ሳይደርስ ጉዞ አይጀምርም። እትዬ በሶና ዳቦ ቆሎውን ታስይዘውና ራሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እንትፍ፣ እንትፍ» እያለች ትመርቀዋለች። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በገበያተኛ መሃል ጎንበስ ብሎ እንትፍ ሲባልበት ሳይ በኮረዳነቴ አፍር ነበር። ሲመለስ ግን መጀመሪያ ወደ እኛ፣ በማግስቱ ወደ እሷ ነው። እንዲህ ያዘዘችው ራሷ ናት። «መጀመሪያ ልጆችህን እይ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

ሥራ ከያዝኩ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ እሁድ ቱሉ ዲምቱ ሄጄ መኪናውን ስናጥብ ነበር። እኔ የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ይደውልና ዕቃዬ የት ደረሰ ይላል፤ እኔ ደርሷል ወይም አልደረሰም እላለሁ። አባቴ ሥራዬን ይወደዋል፤ ከእሱ ሥራ ጋር ያዛምደዋል። ያን ቀን ጎማውን እየፈተገ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባው አጫወተኝ። የሰውዬው አባት ሞተው፣ መሪ የያዘ ሰው ነውና አይነገረው ተብሎ ነበር። ሚሌ ላይ ምሳ ሲበሉ ሾፌሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። ቀልደኛ ሰው ስለነበር ምሳውን ሙሉ ሲያስቃቸው ዋለ።

«እኔም ሳቅሁለት» አለኝ አባቴ። «ቤቱ ሲደርስ አባቱ ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነው። ኋላ ስንገናኝ ለምን አልነገራችሁኝም አላለንም። 'ያን ቀን ያ ሁሉ ሳቅ ምን ነበር?' ነው ያለን።»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ጨመቀው።

«እኔን እንደዚያ እንዳታደርጉኝ። እናትሽ ልቧ አይችልም፤ ወንድምሽ ገና ነው። የመጣ ነገር ቢመጣ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። በደወልኩበት ቅጽበት።»

«እየነዳህ ቢሆንስ አባዬ?»

«እየነዳሁ መቼ አነሳለሁ? ካወራሁሽ ቆሜያለሁ ማለት ነው።» የጋቢናውን በር በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ደግሞ መኪናው ፍሬን አለው እኮ። አንቺ ንገሪኝ፤ ማቆሙን ለእኔ ተዪው።»

እሺ አልኩት። ቃል ግቢልኝ አለኝ፤ ቃል ገባሁለት። እጄ በሳሙና እንደራሰ ጨበጠኝ።

እትዬ የሞተችው ማክሰኞ ማለዳ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት። ሰኞ ዕለት አሞኛል ብላ ሱቋን ዘግታ ገብታ ነበር፤ ያን ጊዜ አባቴ ጋላፊ ስለነበር ሲደውል እንዳመማት ነገርኩት። ማለዳ ጎረቤቷ ሻይ ይዛላት ስትገባ ነፍሷ ወጥታለች። እኔ፣ እናቴና ወንድሜ ከአባዶ ሾላ እስክንደርስ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን መወጠር ጀምረው ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድምም ደርሷል። ይህ አጎቴ ሐዘን ቤት ሲገባ ሁሉ ነገር በእሱ ቃል ነው የሚሆነው፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ማዘዝ ስለሚችልበት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው አለ።

«አባዬስ?» አልኩ።

«አባትሽማ ሲመጣ ይረዳል። ሐሙስ ማለዳ ይገባል ብላለች እናትሽ። ሽማግሌዎቹን ይዤ አባዶ እናንተ ቤት እጠብቀዋለሁ። እንደ ወጉ አስቀምጠን እናረዳዋለን።»

«እኔ ግን ልነግረው ቃል ገብቻለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ይደውልልኛል።»

«መርዶ በስልክ?» አለ አጎቴ፤ ድምፁ ከፍ ሲል ድንኳን የሚወጥሩት ሰዎች ሳይቀሩ ዘወር አሉ። «ማዳበሪያ ጭኖ፣ ከነተሳቢው፣ ያን ገደል እየዞረ? አንቺ ቃልሽን ትጠብቂና እናትሽ ባሏን ትቅበር? ይኼን ነው የምትፈልጊው?»

እናቴን አየኋት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሴቶቹ ሁሉ እኔን እያዩ ነው። ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። ስድስት ሰዓት ላይ አባቴ የት እንደሚሆን አውቄ ነበር፤ ሎጊያ ነው ምሳ የሚበላው። ሎጊያና ሰመራ ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው። ሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ከዚያ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ቦሌ የሚገባ በረራ እንዳለ ሰዓቱን ጭምር በቃሌ አውቀው ነበር፤ ሥራዬ ነው። መኪናውን አስጠብቆ መምጣት ይችል ነበር። ቀብሩን ለማግስቱ ማሳደር ይቻል ነበር። ይህ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አጎቴን ፈርቼ ዝም አልኩ ብል ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። አትንገሪ ስባል አንድ ነገር ከትከሻዬ ላይ ወረደ። ለአባቴ እህትህ ሞተች ማለት ከበደኝ፤ ሰዎቹ ከዚያ ሸክም አሳረፉኝ፤ እኔም ዐረፍኩ።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ከለቅሶው ድምፅ ለመራቅ ወደ ገበያው ወጣሁና አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆምኩ። በርበሬ ይፈጩ ነበር። እዚያ የሚቆም ሰው ቢያለቅስም ማንም ምን ሆነሃል አይለውም። ስልኩ ጮኸ።

«ሎጊያ ገባሁ» አለኝ። «ይኼ የምን ጩኸት ነው? ሾላ ነሽ እንዴ?»

«አዎ፤ እትዬ ጋ መጥቼ ነው።»

«ተባረኪ። እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት።»

«እስቲ ስጪኝ።»

«ተኝታለች» አልኩ።

«እሷ? በዚህ ሰዓት?»

«መድኃኒት ወስዳ ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል።»

ከኋላው የሬስቶራንቱ ሰው ሲጯጯህ ይሰማኛል። «በሉ አትቀስቅሷት፤ ትረፍ» አለ በመጨረሻ። «ስትነቃ ምን ላምጣልሽ ብሏል በያት።»

ድንኳኑ ጋ ስመለስ አጎቴ በዐይኑ ጠየቀኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። «ጎሽ! አንቺ ነሽ ሰው» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ደስ አለኝ። ያን ቀን ከትልልቆቹ እንደ አንዷ ተቆጠርኩ፤ ምስጢር የምትይዝ፣ ልቧ የጠና ተባልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬን ቀበርናት። አፈሩ ሲመለስ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ አለፈ። የሰመራው ይሁን ሌላ አላውቅም። ሰዓቱ ግን የእሱ ሰዓት ነበር።

በማግስቱ ከአዋሽ ደወለ። አሁንም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«እሺ፣ ምን አለች?» አለኝ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ምንም አልፈልግም ብላለች ብል ይበቃኝ ነበር፤ እሷም በሕይወት ብትኖር የምትለው ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ላስደስተው ፈለግሁ። ሰው አንዴ መዋሸት ከጀመረ ውሸቱን ማሳመር ያምረዋል።

«ሀብሀብ» አልኩት።

አባቴ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «ሀብሀብ ካለችማ ድናለች! ሲሻላት የሚያምራት እሱ ነው፤ ሌላ ጊዜ ብትገድያት አትነካውም። መተሃራ ላይ አንድም ሁለትም እገዛላታለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ በርበሬው ዐይኔን እስኪያቃጥለኝ እዚያው ቆምኩ። ያ ሚሌ ላይ ሲያስቃቸው የዋለው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ መልሼ ልደውልለት እችል ነበር።

ሐሙስ የእትዬ ሠልስት ነበር። አጎቴና ሦስት ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ አባዶ ሄደው ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እናቴም ከእነሱ ጋር ናት። እኔና ወንድሜ ሾላ ድንኳኑ ውስጥ ነበርን። አባቴ መኪናውን ቱሉ ዲምቱ አቁሞ ለእናቴ መጣሁ ብሎ ደወለ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው በሩን ማየት ጀመሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው። ወጉን ሁሉ አስበው፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚደግፈው ሳይቀር ተመካክረው፣ የእኔን ሀብሀብ ማንም አላሰበውም። እነሱ አያውቁትም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የታመመች እህቱ ሀብሀብ አምሯት እሱ ሁለት ሀብሀብ ተሸክሞ ሾላን አልፎ አባዶ ይሄዳል?

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የውሃ ጆግ ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጡት እየቀዳሁ ነበር። ቀና ስል አባቴ በመንገዱ እየመጣ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ትከሻው ላይ አድርጓል፤ ሁለት ድቡልቡል ነገር ከረጢቱን ወጥሮታል። ድንኳኑ የተተከለው ሦስት ግቢ በሚገናኝበት መንገድ ላይ ስለነበር የማን እንደሆነ የሚለይ ነገር የለውም። እሱ እንደማንኛውም ጨዋ ሰው አደረገ። የጎረቤት ሐዘን አይታለፍም ብሎ ከረጢቱን ቀስ አድርጎ አወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ጠየቀው።

«ማን ነው ያረፈው?»

ሰውዬው ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ አያውቀውም። «ቅመም ነጋዴዋ ናቸው፤ እዚህ ግቢ የነበሩት» አለው። «ማክሰኞ ነው የቀበርናቸው። ግባ፣ ተቀመጥ።»

አባቴ አልተቀመጠም። ዐይኑ በድንኳኑ ውስጥ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ቆመ። ከዚያ ከረጢቱን አየው። ከዚያ መልሶ እኔን።

«ተኝታለች አልሽኝ እኮ» አለ።

አልጮኸም። የቁጣ ድምፅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያልገባውን ነገር የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። ሴቶቹ ለይተውት ለቅሶውን አቀለጡት። ወንድሜ ሮጦ አቀፈው። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አባቴ ግን ያን ቀን አላለቀሰም። የተቀበረችበትን ጠየቀና በእግሩ ሄደ። እኔ ከኋላው ራቅ ብዬ ተከተልኩት። ነይም አላለኝ፣ ተመለሺም አላለኝ።

አጎቴ ከአባዶ ሲደርስ አባቴን አቅፎ «ለአንተው ብለን ነው» አለው። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ሀብሀቦቹ የእትዬ ክፍል ጥግ ላይ ሰነበቱ። የሚነካቸው ጠፋ። በሰባተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ አባቴ ቢላና ትሪ ጠየቀ። መሬት ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ከሁለት ከፈለው፤ ከዚያ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ሀብሀቡን ማን ነው ያዘዘው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አንዱን ቁራጭ አንስቶ ሰጠኝ። «እንግዲያው የአንቺ ነው፤ ብዪው» አለኝ። ሊቀጣኝ አልነበረም፤ ያን አውቃለሁ። ባለቤቱ ላልተገኘ ዕቃ ባለቤት መፈለጉ ነበር። ቆሜ በላሁት። የቀረውን ለጎረቤት አከፋፈለ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሀብሀብ በዞረበት አልዞርም።

ከዚያ በኋላ አባቴ አልተለወጠም ብል እዋሻለሁ፤ ተለወጠ ብልም አጋንናለሁ። አዋሽ ደረስኩ፣ ሚሌ ደረስኩ ማለቱን አልተወም። ሽንኩርቱን ያመጣል፣ ደረጃው ላይ ይጮኻል። አንድ ነገር ግን መጣበት። ስለ ሰው ደህንነት ሰው መጠየቅ ተወ፤ ድምፅ መስማት አለበት። እናቴ ተኝታለች ከተባለ «ቀስቅሷት» ይላል። «አሁን ገና ጋደም ማለቷ ነው» ይሉታል፤ «ግድ የለም፣ ቀስቅሷት፤ አንዴ አቤት ትበለኝ።» እናቴ እየተነጫነጨች አቤት ትለዋለች፤ እሱም «በቃ፣ ተኚ» ብሎ ይዘጋል። ወንድሜ «አባዬ ቁጥጥር አበዛ» እያለ ይቀልዳል። እኔ አልቀልድም። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ጊዜ ብቻ ይቅርታ ልጠይቀው ሞከርኩ። እንደገና እሁድ ነው፣ እንደገና ቱሉ ዲምቱ፣ እንደገና ባልዲና ጨርቅ።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ እኮ አጎቴ...»

«አውቃለሁ፤ ነግሮኛል» አለ። ጎማውን መፈተጉን ቀጠለ። ዞሮ በሌላው በኩል ያለውን ጨረሰና ተመልሶ መጣ። «ፍሬን ነበረው እኮ» አለ። ከዚያ ባልዲውን ሰጠኝ፤ «ውሃ ጨምሪልኝ።»

ስለ ሰመራው አውሮፕላን በዚያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ውሃውን ልቀዳ ስሄድ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ስመለስ አልነገርኩትም። አጎቴ የሠራው ስህተት የፍርሃት ነው፣ ይቅር ይባላል፤ የእኔ ግን መንገዱን እያወቅሁ መዝጋት ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ካወቀ ደግሞ ዐይኔን አያየኝም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ደበቅሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ስሰማ ተነሥቼ እወጣ ነበር።

ጀርባው እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ሰው፣ ካውያውን እንደገና አነሣ። እኔ አላገባሁም፤ አብሬያቸው ነበር የምኖረው። የሥራ ሸሚዜ ነጭ ስለሆነ መተኮስ ይወዳል። ማለዳ ስነሣ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ እንደ ልጅነቴ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። «አባዬ ተው፤ እኔ እተኩሳለሁ» እለዋለሁ። «አንቺ ኮሌታ አትችዪበትም» ይለኛል። በየማለዳው ያን ሸሚዝ ስለብስ ልንገረው እላለሁ። በየማለዳው ታክሲ ያመልጠኛል ብዬ እወርዳለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ሳምንት ድሬዳዋ ላከኝ። አባቴ ዐሥር ሸሚዝ ተኩሶ፣ እጥፋቱ እንዳይበላሽ ጋዜጣ መሃል መሃሉ እያስገባ ሻንጣዬን ራሱ አዘጋጀልኝ። ቦሌ ድረስ ሸኝቶኝ ግራ ክንዱን እያወዛወዘ ቀረ። ደህና ነበር። ልቡ ትንሽ ያስቸግረው ነበር እንጂ ደህና ነበር።

ስድስተኛውን ሸሚዝ በለበስኩበት ቀን፣ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ወንድሜ ደወለ። ቢሮ ውስጥ ነበርኩ።

«ቆመሻል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ተቀመጪ። አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ። መስኮቱ ጋ እንደተቀመጠ ነው፤ አልተሰቃየም። ቀብሩ ነገ ነው፤ ያሳደርነው አንቺን ጠብቀን ነው። አሁኑኑ ነዪ።»

ከኋላው የአጎቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ለማን ነው የምታወራው? ለማን ነው?» ይላል። ስልኩ ተዘጋ።

በከሰዓቱ በረራ መጣሁ። አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እያለቀስኩ ሲያዩኝ ምንም ሳይጠይቁ እጄን እንደያዙ ቦሌ ደረስን። አባዶ ስደርስ ገና አልገነዙትም ነበር። ፊቱን አየሁት። ያን የጠቆረ ግራ ክንዱን ያዝኩት፤ እስኪበቃኝ ያዝኩት። የፈለግሁትን ያህል አለቀስኩበት፤ የምፈልገውንም ነገርኩት፤ ሰመራንም ነገርኩት። እትዬ ጋ እሱ ይህን አላገኘም።

ወደ ሳሎን ስወጣ አጎቴ ከዘራውን ተደግፎ ወንድሜ ፊት ቆሟል። አርጅቷል፤ አመሉ ግን አላረጀም።

«ማን ነው የነገራት?» ይላል። «ብቻዋን ሰው አገር ሳለች መርዶ በስልክ ይነገራል? አንድ ነገር ብትሆንስ ኖሮ? ማን አዘዘህ?»

«አባዬ» አለ ወንድሜ።

«ማን?»

«አባዬ ነው ያዘዘኝ። ድሬዳዋ የሄደች ዕለት ቦሌ ሸኝቷት ሲመለስ። 'እኔ ብሆን አትደብቃት፤ ያኔውኑ ንገራት' አለኝ። ብትደነግጥስ ስለው፣ 'ድሬዳዋም እንደ ሰመራ አውሮፕላን አላት። ሰዓቱን እሷ ታውቀዋለች' አለኝ።»

አጎቴ ነገሩ አልገባውም፤ ወንድሜም የገባው አይመስለኝም። እኔ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ዘመን ያውቅ ነበር። ሻንጣው ውስጥ እሱ የተኮሳቸው፣ ያልለበስኳቸው አራት ሸሚዞች ነበሩ።